ካቻቢቴው የገባ ቀን

አርቪድ ላምፒነን የሞቱት በሚወዷት መኪና ሥር ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የተንጠለጠለ ማርሚታዋን ሊያስሩ ሥሯ ገቡ፣ መኪናዋ ወረደችባቸው፣ በቃ። ያገኛቸው ፖስታ አዳዩ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው መኪናዋን በግንድና በአየር ከረጢት አንስተው ሲያወጧቸው፣ ቀኝ እጃቸው መፍቻውን እንደጨበጠ ነበር። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሚስታቸው ሄልሚ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ አብራቸው የቀረች ነገር ብትኖር ይቺው የሄልሚ መኪና ነበረች፤ ሦስት መቶ ሺህ ማይል ያለፋት፣ ቡናማ፣ ረዥም፣ የኋላዋ ለዕቃ የሰፋ ዋገን።

መርማሪ ሎሬን ኪቪስቶ የተጠራችው ሰኞ ጠዋት ነው። አለቃዋ በስልክ ነገሩን አሳጠረላት።

«አደጋ ነው ብለን ልንዘጋው ነበር። የሟቹ ሴት ልጅ ግን ወንድሜ ነው የገደለው ብላ ቢሮዬን ይዛዋለች። ቀብሩ ሐሙስ ነው። ከዚያ በፊት እውነቱን አምጪልኝ።»

«ወንድሟ ዴል? በረዶ ጠራጊው?»

«እሱው ነው። ጎረቤት ሲዝትባቸው ሰምቷል።»

ሎሬን የራሷን አሮጌ መኪና አስነስታ ወጣች። የእሷም ብትሆን ሁለት መቶ ሺህ ያለፋት ናት፤ የኋላ በሯ የሚከፈተው በትከሻ ተገፍቶ ነው። በዚህ በሐይቁ ዳር አገር ይህ አያስነውርም። በረዶው በጣለ ቁጥር እንዲቀልጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፣ ጨው ደግሞ ላሜራ ይበላል፤ ሞተሯ ድምፅ ሳያሰማ የሚሠራ መኪና ሆዷ ተበልቶ ስትጣል ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ ሰዉ በየመኸሩ፣ በረዶው ከመጣሉ በፊት፣ የተቃጠለ ዘይት ሰብስቦ ከመኪናው ሥር ይረጫል። ዘይት የጠገበ ብረት ጨው አይደፍረውም። አርቪድና ጎረቤታቸው ዋይኖ ቶርቫ ይህን ሥራ አብረው ሲሠሩ ስንት ዘመናቸው! ልብሳቸው ተጨማልቆ፣ እርስ በርስ እየተሰዳደቡ፣ ማታ በምድጃ በሚሞቀው የእንፋሎት ቤት፣ ሳውና ገብተው ሲታጠቡ መንደሩ ያውቃቸዋል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በረዶው ሲቀልጥ አርቪድ ካቻቢቴ ይዘው በመኪናዋ ዙሪያ ይዞራሉ፤ ከበሮቹ ሥር ያለውን የጎን ላሜራ ዝገት በልቶት እንደሆነ ለማወቅ በካቻቢቴው ጫፍ ይወጉታል። ሰው ቢራውን ይዞ ቆሞ ያያል፣ ይቀልዳል። አርቪድም በየዓመቱ አንድ ቃል ይናገራሉ፤ «ካቻቢቴው የገባ ቀን እጥላታለሁ። ሄልሚም ብትኖር እንዲሁ ትል ነበር።» አርቪድ ደግሞ ቃላቸውን የሚበሉ ሰው አልነበሩም።

ሎሬን ስትደርስ ማርሊስ ከአባቷ ጋራዥ በር ላይ ቆማ ነበር። የምትኖረው ሩቅ ነው፣ ከተማ፤ ሌሊቱን ሙሉ ነድታ ነው የመጣችው። ዓይኗ ቀልቷል። ኩርቲስም አለ፤ ከመንገዱ ማዶ የመኪና ጥገና ያለው ሰው ነው፣ ሎሬን አስጠርታው ነው የመጣው።

«እኔ ሞኝ አይደለሁም» አለች ማርሊስ ሰላምታም ሳትሰጥ። «አባዬ መደገፊያ ሳያቆም መኪና ሥር ገብቶ አያውቅም። መደገፊያው ወድቆ ነው የተገኘው። ማን ጣለው? ዋይኖ በጆሮው ሰምቷል፤ ዴል ‹ይቺ መኪና አንድ ቀን ትደፋሃለች፣ እኔም አላለቅስልህም› እያለ ሲጮህበት።»

«ሰው ሲናደድ ብዙ ይላል፣ ማርሊስ።»

«ይበል! እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ዴል ሐሙስ ዕለት የአባዬን የሬሳ ሣጥን አይሸከምም። እጁን ካሳረፈበት እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው የምጮኸው።»

ሎሬን በአጠገቧ አልፋ ወደ ጋራዡ ዘለቀች። ገብታ ዙሪያዋን አየች። ዋገኗ በግራ ጎኗ ተንጋዳ ተቀምጣለች። ከመኪናዋ ሥር የተጎተተው ማንሻ፣ ክሪኩ፣ ጥግ ላይ ተጥሏል። ግድግዳው ላይ፣ በምስማሩ ላይ፣ ወፍራም የኦክ ጣውላ ተሰቅሏል። ጣውላውን በጣቷ ነካችው። አቧራ አለው፤ ደረቅ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ኩርቲስ?»

«የአርቪድ ጣውላ ነዋ። ክሪክ ሲያስገቡ ከሻንሲው፣ ከወፍራሙ የሆዷ ብረት ሥር እሱን አጋድመው ነው። ጎኗን አያምኑትም። ማንም እዚህ አገር ያለ ሰው የአሮጌ መኪና ጎን ላይ ክሪክ አይደግፍም።»

«ቅዳሜ ግን አልነኩትም። ወለሉ ሁሉ ጭቃና የቀለጠ በረዶ ነው፣ ይሄ እንደተሰቀለ ነው።»

ኩርቲስ ቀረብ ብሎ ጣውላውን በጣቱ ሞከረው።

ክሪኩን አነሳችው። ከባድ ነው። አንገቱ እስከ ላይ እንደወጣ ነው፤ መልቀቂያው ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል። አናቱ ላይ ጥቁር የቀለም ቅርፊትና የሆነ ግራጫ ዱቄት ተለጥፏል። ዱቄቱን በጥፍሯ ፈቀፈቀችው።

«በል መኪናዋን አንሳልኝ፤ በቀኝ በኩል፣ በጣውላው። አጥብቀህ ደግፍልኝ፣ እኔ ልገባ ነው።»

«ኧረ ተይ፣ ሎሬን።»

«ያንተን ሥራ አምናለሁ። አንሳት።»

ኩርቲስ እየተራገመ አነሳት። ሎሬን ጀርባዋ ላይ ተኝታ፣ ባትሪ ይዛ ተሳበች። በቀኝ በኩል ያለው ላሜራ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ነካችው፣ ጣቷን አጨቀየው። በግራ በኩል ያለው ግን ደረቅ ነው። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም፣ ለስላሳ፣ ቆንጆ። መሐሉ ላይ የክሪክ አናት የሚያክል ቀዳዳ ተቦድሷል፤ ከጎኑ ደግሞ የመደገፊያው ጭንቅላት የበሳው ሌላ አለ። የቀዳዳው ከንፈር ብረት አይደለም። ስቱኮ ነው፣ ቀዳዳ የሚደፈንበት ልስን፣ ወፍራም ስቱኮ፤ ከስቱኮው ጀርባ ቀጭን ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ትንሽ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ቁራጩን ሰብራ አወጣችና ጀርባውን ዳሰሰችው። ጣቷ ጥላሸት ሆነ። አሸተተችው።

ከሥር ስትወጣ ቁራጩ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ኪሷ ውስጥ ነበር። ማርሊስ «አገኘሽ?» አለቻት።

«የሚያስለቅስ ነገር አግኝቻለሁ። ነገር ግን ገና ነው፣ ታገሺኝ።»

ዴልን ያገኘችው የመንገድ ሥራ ግቢ ውስጥ፣ ከጨው ክምሩ አጠገብ ነው። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ከሎሬን ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል። ሲያያት ኮፍያውን አወለቀ።

«ልታስሪኝ ነው?»

«ልጠይቅህ ነው። ቅዳሜ ምን ሆነ?»

«ጠዋት ሄድኩ። የተሻለች መኪና አግኝቼለት ነበር፣ ሄደን እንያት ልለው። አባዬ ደግሞ እኔን ሲያይ ሁልጊዜ የሚላት ቀልድ አለችው፤ ‹መጣህ ጨው በታኙ! አንተ ትበትናለህ፣ እኔ እጠግናለሁ።›» ዴል ፈገግ ሊል ሞከረ፣ አልሆነለትም። «ካቻቢቴውን ይዞ ነበር። ደስ ብሎታል፣ ሎሬን፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁም። ጎንበስ አለና ከሹፌሩ በር ሥር ኳ ኳ ኳ አደረገው። ‹ስማ!› አለኝ። ‹ስማ እንዴት እንደጠነከረች! አምና ሰግቼ ነበር፣ ዘንድሮ ድንጋይ ሆናለች። ዘይቱ ነው። ገና አሥር ዓመት ትሄዳለች!›»

«አንተስ ምን አልክ?»

«እኔማ ተናደድኩ። ዓይኑ በደንብ አያይም፣ ባለፈው ሳምንት የቆመ የፖስታ ሣጥን ገጭቷል። ያንን ‹ትደፋሃለች› ያልኩትን አልኩ። እንደዚያ ብዬው ሄድኩ።» ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨመደደው። «እሱ ደስ ብሎት ነበር። እኔ ደግሞ ያን ደስታ ነጠቅኩት። ከሄድኩ በኋላ ነው ሥሯ የገባው። ማርሊስ ገዳይ ብትለኝ ምን ልመልስላት?»

«አልገደልኩም በላታ።»

«እሱን ብዬአታለሁ። ለራሴ ነው ማለት ያቃተኝ።»

ሎሬን ልትሄድ ዞረች። ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበር።

«ቤትህ ሳውና አለህ አይደል? በእንጨት ነው?»

ዴል ግራ ገባው። «በኤሌክትሪክ ነው። ቤቱን ስሠራ ጀምሮ። አባዬ ‹የዳቦ መጋገሪያ› እያለ ይስቅብኝ ነበር። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

ዋይኖ ቶርቫ ከአርቪድ አጥር ጋር በተያያዘች ትንሽ ቤት ነው የሚኖሩት። በሰባዎቹ መጨረሻ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ መንጃ ፈቃዳቸውን ከተነጠቁ ቆይተዋል። ሎሬን ስትደርስ ከሳውናው ደጃፍ ግንድ ላይ ተቀምጠው የበርች ዛፍ ልጥ ይልጣሉ፤ ከሳውናው ጣራ በላይ የወጣው ጭስ ማውጫ ቧንቧ በፀሐዩ ያብረቀርቃል።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። አባትሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የመጣሁት በአቶ አርቪድ ጉዳይ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ክሪኩ ከዳቸው፣ መኪናዋ ወደቀችባቸው።»

«በሹፌሩ በኩል ነው?» አሉ ዋይኖ ቶሎ።

ሎሬን ጥያቄውን ልብ አለችው። ሌላው ሰው ሁሉ እንዴት ሆነ ብሎ ነበር የጠየቃት።

«አዎ፣ በሹፌሩ በኩል። አላዩም እንዴ? ቅርብ ነዎት እኮ።»

«አልወጣሁም። የእሳት አደጋውን ጩኸት ስሰማ… አልወጣሁም።» ልጡን ጣሉት።

«ዴል ሲጮህ ግን ሰምተዋል።»

«የሰማሁትን ነው ያልኩት። አልጨመርኩም።»

«መጨመር እንኳ አልጨመሩም» አለች ሎሬን። ከዚያ ድምፅዋን አለሰለሰች። «ቪዮላስ እንዴት ናቸው?»

የዋይኖ ፊት ተለወጠ። ቪዮላ ሚስታቸው ናት። አእምሮዋ ከከዳት ወዲህ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ የእንክብካቤ ቤት ነው ያለችው። በየእሑዱ አርቪድ በዋገኗ ይወስዷቸው ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ለቪዮላ የተጋገረው ዳቦ ከኋላ ወንበር።

«ትናንት አልሄድኩም። በምን ልሂድ? አውቶቡስ የለ። ስልክ ብደውልላት አታውቀኝም። ስታየኝ ግን ታውቀኛለች፤ ስሜን ሳይሆን እጄን ነው የምታውቀው።» አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

ሎሬን ተነሳች። ወደ ጣራው ቀና አለች።

«ቧንቧው አዲስ ነው።»

«ባለፈው መኸር የቀየርኩት ነው። የድሮው ተበልቶ ነበር።»

«አርቪድ ለዳሌያቸው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ?»

«እንግዲህ… በዚያው ሰሞን መሰለኝ።»

«የድሮውንስ ምን አደረጉት?»

ዋይኖ የጣሉትን ልጥ ከመሬት አነሱት። «እንጃ። ጣልኩት መሰለኝ» አሉ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሎሬን አራቱን ሰዎች በአርቪድ ጋራዥ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ማርሊስ በአንድ ጥግ፣ ዴል በሌላው፤ ኩርቲስ በሩ ላይ ተደግፎ፤ ዋይኖ ደግሞ የአርቪድ ወንበር ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ዋገኗ በቀኝ ጎኗ ከፍ ብላ ቆማለች።

«እኔ ንግግር አላውቅም» አለች ሎሬን። «ያየሁትን በተራ ልናገር። ማርሊስ፣ አንቺ ሰው መደገፊያውን ጣለው ብለሻል። ክሪኩን እይው። አንገቱ እንደወጣ ነው፣ መልቀቂያው እንደተዘጋ ነው። ሰው መኪናዋን አውርዶባቸው ቢሆን ኖሮ ክሪኩ ይወርድ ነበር። አልወረደም። መኪናዋ ናት የወረደችው፤ ክሪኩ ላሜራዋን በስቶ ወደ ላይ ገባ። መደገፊያውም እንዲሁ፤ ከገባ በኋላ ነው የተጋደመው።»

«ታዲያ አባዬ ምን ቆርጦት ነው ክሪክ ጎኗ ላይ የሚያደርገው?» አለች ማርሊስ። «እኔ እንኳ ያንን አላደርግም!»

«ትክክል ነሽ። ጣውላቸው ያውና፣ ቅዳሜ ከምስማሩ አልወረደም። ዕድሜ ልካቸውን የያዙትን ልማድ በአንድ ቀን የተዉት ለምንድን ነው? ዴል ነው የነገረኝ፤ ትርጉሙን ሳያውቅ። በል ዴል፣ አባትህ ቅዳሜ ጠዋት ያሉህን ንገራቸው።»

«‹ስማ እንዴት እንደጠነከረች› ነው ያለኝ። ‹ገና አሥር ዓመት ትሄዳለች› አለ።»

«ካቻቢቴያቸው አልገባም። ኳ ኳ አለ። ስለዚህ አመኗት። አሁን ኩርቲስ፣ አንተ ንገረን። ዝገት የጀመረው ላሜራ በአንድ ዓመት ውስጥ ራሱን ያድናል?»

«ኧረ በምን ተአምር!»

«በግራ በኩል ያለውን አየኸው። ምንድን ነው?»

ኩርቲስ ትከሻውን ነቀነቀ። «ስቱኮ ነው። ቆርቆሮ ተሸጉጦ፣ በስቱኮ ተሞልቶ፣ በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል። እጁ ጥሩ ነው፣ ሰውዬው ተጠቦበታል። ዘይቱን ሁሉ አጥቦ፣ አድርቆ ነው የሠራው፤ አለዚያ ቀለሙ አይይዝም። እኔ ግን አይደለሁም። እኔ ብሆን እበይደው ነበር፣ ደግሞም አምና ለአርቪድ ‹ይቺን ከዚህ በኋላ አልነካም› ብያቸዋለሁ። ተኮራርፈናል።»

«አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ። እንግዲህ እንይ። ይህን የሠራ ሰው ብዙ ቀን መኪናዋ ሥር ተኝቷል፤ አርቪድ ሳያዩት። አርቪድ ከቤት የራቁት ባለፈው መኸር ነው፣ ዳሌያቸውን ሲታከሙ። ሁለተኛ፣ ይህ ሰው መኪናዋ እንድትኖር ይፈልጋል። ካቻቢቴው እንዳይገባ ነው የደከመው። ዴል እንድትጣል ነበር የሚፈልገው፤ ይህን የሚያህል ድካም ለምን ይደክማል? ዝም ብሎ ቢጠብቅ ካቻቢቴው ራሱ ይገላግለው ነበር።»

ማርሊስ ወንድሟን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ዴል ወለሉን ነበር የሚያየው።

«ሦስተኛው ይሄ ነው።» ሎሬን የቆርቆሮውን ቁራጭ ከኪሷ አወጣች። «ጎባጣ ነው፤ የቧንቧ ቁራጭ ነው። ውስጡ ጥላሸት አለበት፣ የእንጨት ጭስ ይሸታል። የዴል ሳውና በኤሌክትሪክ ነው…»

«ይበቃል፣ ሎሬን» አሉ ዋይኖ።

ሽማግሌው ለመነሳት ሞክረው ተመልሰው ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ። አርቪድ ሆስፒታል ሲገባ ቁልፉን ለእኔ ነው የሰጠኝ። ‹ዘይቱን ርጭልኝ፣ በረዶው እንዳይቀድመን› አለኝ። ብቻዬን ሥሯ ገባሁ። ከመርጨቴ በፊት እንደ ልማዳችን ወጋ አደረግኋት። ካቻቢቴው ገባ። እንደ ቅቤ ነው የገባው። አርቪድን ታውቁታላችሁ። በረዶው ሲቀልጥ ይወጋታል፣ ይገባል፣ በዚያው ቀን ይጥላታል። ሌላ መኪና አልፈልግም ይል ነበር፤ ‹ከእሷ በኋላ ቤቴ እቀመጣለሁ› እያለ። እሱ ቤቱ ከተቀመጠ እኔ ቪዮላን በምን አያታለሁ? ‹አንድ ዓመት ብቻ› አልኩ። ‹ቪዮላ ከዓመት አታልፍም፣ እስከዚያ ብቻ› አልኩ።»

«እና አባዬን ሥሯ ላክኸው!» አለች ማርሊስ።

«አልላክሁትም! ክሪክ እዚያ ላይ አድርጎ አያውቅም እኮ! ስንት ዘመን አብሬው ሠራሁ። ጣውላውን ነው የሚያስገባው፣ ሁልጊዜ ጣውላውን ነው! እዚያ ላሜራ ላይ ምንም ነገር አያሳርፍም። ምንም አይጎዳም ብዬ ነው።»

«ጣውላውን የሚያስገቡት ላሜራውን ስለሚፈሩት ነበር» አለች ሎሬን። «እርስዎ ፍርሃቱን ወሰዱባቸው። ዳሌያቸው ገና ያማቸዋል፤ እስከ መኪናዋ መሐል ጎንበስ ብሎ ጣውላ ማጋደም ከባድ ነው። ጎኗ ድንጋይ ሆኗል። ለምን አያምኑትም?»

ዋይኖ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ዴል ቀስ ብሎ ወደ እሳቸው ሄደ። ኩርቲስ ሊይዘው እጁን ዘረጋ፤ ዴል ግን አልነካቸውም።

«አጎቴ ዋይኖ» አለ፣ ከልጅነቱ ጎረቤታቸውን እንደሚጠራቸው። «ቅዳሜ ያውቁ ነበር። ገና ጩኸቱን ሲሰሙ አወቁ።»

«አወቅሁ።»

«ከዚያ ለማርሊስ ነገሯት፤ ዴል ሲጮህበት ሰማሁ ብለው። እኔን ገዳይ ሲሉኝ፣ እህቴ ሣጥኑን እንዳልነካ ስትከለክለኝ፣ እርስዎ አጥር ተሻግረው ተቀምጠው ዝም አሉ?»

«ከታሰርኩ ማን ይሄድላታል ብዬ ነው።» ቀና አሉ። «ምክንያት አይደለም፣ ልጄ። እንዲያው ስለጠየቅኸኝ ነው የምነግርህ። መሸፈኑ ላሜራው ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር።»

ማርሊስ ማልቀስ ጀመረች። ተሻግራ መጥታ የወንድሟን እጅጌ ያዘች። ዴል ራሷን ደረቱ ላይ አስጠጋት። ኩርቲስ ወጥቶ በረዶው ላይ ቆመ።

ሐሙስ ዕለት ሣጥኑን ከፊት በኩል የተሸከሙት ወንድምና እህት ናቸው። ዋይኖ ከኋላ፣ ከሰው ሁሉ ተነጥለው ቆመው ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ጉዳዩን አይቶ እንደማይከስ ከወሰነ በኋላ፣ የበረዶው ጭቃ ሲደርቅ ገደማ፣ ዴል የአባቱን መፍቻና መነጽር ሊወስድ ወደ ሎሬን ቢሮ መጣ። ፈረመ፣ ተቀበለ፣ ግን ወዲያው አልሄደም።

«እየወሰድኳቸው ነው» አለ።

«ማንን?»

«አጎቴ ዋይኖን። በየእሑዱ። የመጀመሪያ ቀን ‹የምወስድዎት ለቪዮላ ስል ነው፣ መንገድ ላይ እንዳያናግሩኝ› አልኳቸው። አላናገሩኝም። ዳቦውን ታቅፈው ከኋላ ተቀመጡ።»

ሎሬን ወንበሩን ገፋችለት። አልተቀመጠም።

«ቪዮላ እጃቸውን ስትይዝ ወዲያው አወቀቻቸው። ከዚያ እኔን አየችና ‹አርቪድስ? መኪናዋ ተበላሽታበት ነው?› አለች። እሳቸው ‹ሞቷል፣ ቪዮላ። በእኔ ጥፋት ነው የሞተው› አሏት። ስታለቅስ ብታያት! አርቪድን እንደ ወንድሟ ነው የምትወደው። አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ረሳችው። ዳቦውን በላች። ቆይታ ደግሞ ‹አርቪድስ የት አለ?› አለች። እሳቸውም እንደገና ነገሯት፤ እንደዚያው፣ አንድም ቃል ሳይቀንሱ።»

«በየሳምንቱ?»

«በየሳምንቱ፣ ደጋግማ በጠየቀች ቁጥር። ባለፈው እሑድ እኔ ራሴ አንጀቴ አልችል አለ። ስንመለስ መኪና ውስጥ አናገርኳቸው። ‹አጎቴ ዋይኖ፣ ቤቱ ነው፣ ማርሚታ እያሰረ ነው ቢሏት ምን አለበት? ለእሷ መልካም አይደለም?› አልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

ዴል የአባቱን መነጽር ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«‹አንዴ ሸፍኜ አይቼዋለሁ› አሉኝ።»